የማን ክንድ? ከሸማኔ ጉድጓድ እስከ አቶም

(ባለፈው ቅዳሜ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለሰፈራችን ሸማኔዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላኪልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ! እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ተማሪዎች፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከበሩ ጋ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ግቡ፣ አትፈሩ።

ዛሬ ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ ይሄ ዱላ ነው። ከኋላ ይታያችኋል? አጭር ነው፣ የወይራ እንጨት ነው፣ አርጅቷል። ታሪኩን እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ቁጥር ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ፤ 11,430,000,000። አስራ አንድ ቢሊዮን አራት መቶ ሠላሳ ሚሊዮን።

ይህ ቁጥር ምንድን ነው? አንድ የእንግሊዝ ኤል ስንት አንግስትሮም እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ኤል የድሮ የጨርቅ መለኪያ ነው። አንግስትሮም የአቶም መለኪያ ነው። አንዱ የገበያ፣ ሌላው የላቦራቶሪ።

አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ጨርቅን በአቶም የሚለካ ማን ነው?» እያላችሁ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አንድ ተማሪዬ ስልኩ ላይ መለኪያ የሚቀይር መተግበሪያ አግኝቶ ይሞክራል። አንዱ ጋ ኤል፣ አንዱ ጋ አንግስትሮም መርጦ ተጫነው። ያ ቁጥር ወጣለት። በደስታ እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ ትክክል ነው?» አለኝ። ስሌቱን አየሁት። «ስሌቱ ትክክል ነው» አልኩት። «ግን የማን ክንድ ነው?»

ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ያን ቀን መልሱን በቅጡ አልነገርኩትም፤ ደወል ተደወለ። ዛሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። መልሱ ይኸው።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ ስለ ክንድ፣ ሁለተኛ ስለ አንግስትሮም፣ ሦስተኛ ሁለቱ በእውነት ስለተገናኙበት ቦታ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከክንድ ልጀምር። ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እናቴ ባዘቶውን ይዛ በእንዝርት ትፈትላለች፣ አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። የዚያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የእኔ ሥራ ጨርቁ ሲለካ ጫፉን መያዝ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ መጡ። ስምንት ክንድ ጨርቅ ፈልገዋል። ብቻቸውን አልመጡም፣ ወንድማቸውን ይዘው ነው የመጡት። ሰውየው እንደ ባሕር ዛፍ ረጅም ነው። «እሱ ይለካልኝ» አሉ። ገባችሁ? ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። የረጅም ሰው ክንድ ረጅም ነው። በስምንት ክንድ ላይ በየክንዱ አራት ጣት ቢተርፍ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

አባዬ አልተቆጣም። ተነስቶ ከግድግዳው ላይ ይህን ዱላ አወረደ። «የኔ እመቤት፣ ወንድምዎን እግዜር ይባርከው፣ ቁመናው ያምራል» አለ። «ነገ ግን አንዷ አጭር ልጇን ልካ ብትገዛኝ ምን ልበላት? ከእርስዎ እኩል ከፍላ ያነሰ ትውሰድ? በዚህ እንለካ።» ሴትየዋ ትንሽ አኩርፈው ቆዩና በዱላው ተለካላቸው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ደንበኛችን ነበሩ።

ዱላው የተቆረጠው በማን ክንድ ይመስላችኋል? በአባቴ አይደለም። በአያቴ ክንድ ነው። አያቴ ከሞቱ በኋላ እንኳን ክንዳቸው ግድግዳችን ላይ ተንጠልጥሎ ጨርቅ ይለካ ነበር። ልጅ ሆኜ ይህ በጣም ይገርመኝ ነበር። ዛሬም ይገርመኛል።

አሁን ከሽሮ ሜዳ ወደ አውሮፓ እንሂድ። ኤል የሚለው ቃል ራሱ ክንድ ማለት ነው። እንግሊዞች ክርንን «ኤልቦ» ይላሉ፤ የኤል መታጠፊያ እንደማለት ነው። ስዊድኖች «አልን» ይላሉ፣ ያው ክንድ ነው። ታዲያ እነሱም እንደኛው ተቸገሩ። የማን ክንድ? እነሱም እንደ አባቴ አደረጉ፤ ክንዱን ከሰው ነጥለው በብረት ላይ አስቀሩት። ቪየና ከተማ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል መግቢያ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ሁለት የብረት ዘንጎች ተተክለው ይታያሉ። ነጋዴ አጭበርብሮኛል ያለ ሰው ጨርቁን ወስዶ እዚያ ይለካል። ግን ሁለት የሆኑት ለምንድን ነው? አንዱ ለተልባ እግር ጨርቅ ነው፣ ወደ 90 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ሌላው ለሱፍ ጨርቅ ነው፣ 78 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ክንድ!

በስኮትላንድ ደንኬልድ በምትባል ትንሽ ከተማም የብረት ኤል ግድግዳ ላይ አለ። የእነሱ 37 ኢንች ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1215 የወጣው ማግና ካርታ፣ ያ የንጉሥን ሥልጣን የገደበ ታላቅ ሰነድ፣ ስለ ጨርቅም ይናገራል። የጨርቅ ወርድ በመላ አገሪቱ አንድ ይሁን፣ ሁለት ኤል ይሁን ይላል። እስቲ አስቡት፣ ስለ ፍትሕ የተጻፈ ሰነድ ውስጥ የጨርቅ ወርድ ገባ። ለምን? ምክንያቱም የልኬት ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይ ነው። አባቴም ለሴትየዋ የነገራቸው ይህንኑ ነበር።

የእንግሊዝ ጨርቅ ነጋዴዎች መለኪያ ደግሞ የራሱ ደረጃ ነበረው። ትንሹ «ኔይል» ይባላል፣ 2 ኢንች ከሩብ ነው። አራት ኔይል አንድ ሩብ ያርድ ይሆናል፣ 9 ኢንች ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚጠላለፈው። የፍላንደርስ ኤል ሦስት ሩብ ነው፣ 27 ኢንች። የእንግሊዝ ኤል አምስት ሩብ ነው፣ 45 ኢንች። የፈረንሳይ ኤል ስድስት ሩብ ነው፣ 54 ኢንች። አያችሁ? የፈረንሳዩ የፍላንደርሱን ድፍን እጥፍ ነው። ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ኤል።

አንድ ሌላ ወጥመድ ልንገራችሁ። ሆላንዶች በ1820 ሜትርን ሲቀበሉ ሕዝቡ እንዳይደናገር ብለው አዲሱን ሜትር በድሮው ስም «ኤል» አሉት። ስለዚህ የሆላንድ ሰነድ ላይ «10 ኤል» የሚል ብታገኙ ዓመቱን ሳታዩ አትለውጡት። ከ1820 በፊት የአምስተርዳም ኤል 69 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ድፍን አንድ ሜትር ሆነ። አሥር ኤል ላይ ልዩነቱ ሦስት ሜትር ያልፋል። አንድ ሙሉ ቀሚስ ነው!

እኛም ጋ እኮ ይህ አለ። የኖኅን መርከብ አስታውሱ። ርዝመቷ 300 ክንድ። ክንዱ 45 ሴንቲሜትር ከሆነ መርከቧ 135 ሜትር ናት። 52 ሴንቲሜትር ከሆነ 156 ሜትር ናት። ያው አንድ ጥቅስ ነው፣ መርከቧ ግን በ21 ሜትር ትለያያለች።

እሺ። ሁለተኛው ነጥብ፣ አንግስትሮም።

አንድ ሜትር ውሰዱ። ለአሥር ቢሊዮን እኩል ክፈሉት። አንዱ ክፋይ አንግስትሮም ነው። የሃይድሮጅን አቶም ከዳር እስከ ዳር አንድ አንግስትሮም ገደማ ነው። ከዚያም የሚያንስ አለ፤ የአቶም አስኳል የሚለካበት ፌርሚ የአንግስትሮም መቶ ሺህኛ ነው። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ስሙ የመጣው ከአንድ ስዊድናዊ ነው። አንደርስ ዮናስ አንግስትሮም ይባላል። ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1868 የፀሐይን ብርሃን ከፋፍሎ፣ በውስጡ ያሉትን ጥቋቁር መስመሮች የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለውን ርቀት፣ ለክቶ አሳተመ። የተጠቀመበት መለኪያ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነበር። በኋላ በስሙ ተጠራ። ስዊድን ሜትርን በሕግ የተቀበለችው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይታ፣ በ1878 ነው። ጨርቅ ለዘመናት በአልን ሲለካባት በኖረች አገር አንድ ሰው ብርሃንን በሜትር ይለካ ነበር።

ግን እንዴት ለካው? እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። እጅግ ተቀራርበው የተሰመሩ መስመሮች ያሉት መስታወት ነበረው። ብርሃኑ በዚያ ሲያልፍ ይበተናል። ከተበተነበት ማዕዘን የሞገድ ርዝመቱ ይሰላል። ለዚህ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት መታወቅ አለበት። እሱ የሚታወቀው ደግሞ በሜትር ነው። ሜትሩስ? ሜትሩ አንድ የብረት ዘንግ ነው! ኡፕሳላ ያለ ዘንግ።

አያችሁት? ያው የአያቴ ዱላ ነው። ያው የቪየና ግድግዳ ነው።

አንግስትሮም ጠንቃቃ ሰው ነበር። ዘንጌ ትክክል ይሁን አይሁን ብሎ ከፓሪሱ ሜትር ጋር እንዲነጻጸር አስደረገ። ያነጻጸረው አንሪ ትሬስካ የሚባል ታዋቂ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። ትሬስካ «ዘንግህ ይህን ያህል ተሳስቷል» አለው። አንግስትሮም አመነ፣ ቁጥሮቹን በዚያ መሠረት አረመ። ስህተቱ ግን የነበረው ማነጻጸሩ ላይ ነው። የታረሙት ቁጥሮች ካልታረሙት ባሱ። ውጤቱ ከስድስት ሺህ አንድ ገደማ ስቶ ወጣ።

ከስድስት ሺህ አንድ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ያ ድሮ መንገዳችን ላይ የነበረ ቢጫ መብራት ትዝ ይላችኋል? ሶዲየም ነው። የሞገድ ርዝመቱ 5,890 አንግስትሮም ገደማ ነው። ከስድስት ሺህ አንድ ስንስት እዚያ ላይ አንድ አንግስትሮም ያህል ሳትን ማለት ነው። ለብርሃን ተመራማሪ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። እኔ ይህን ሰው በጣም ነው የማከብረው። ሥራውን አልደበቀም፣ አጣራ፣ ጠየቀ። ግን የሚለካበት ነገር በሌላ ሰው እጅ ነበር።

ታዲያ ምን ተደረገ? በ1907 የፀሐይ ተመራማሪዎች ተሰብስበው አንግስትሮምን ከብረቱ ነጠሉት። ካድሚየም የሚባለው ብረት የሚያወጣውን ቀይ ብርሃን ወሰዱ፣ ይህ 6438.4696 አንግስትሮም ነው ብለው ደነገጉ። ክንዱ ከዘንግ ወደ ብርሃን ሄደ። በ1960 ሜትር ራሱ ተከተለው፤ ክሪፕተን በሚባል ጋዝ ብርሃን ተተረጎመ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ በብርሃን ፍጥነት ነው። ብርሃን ረጅም ወንድም የለውም። ቪየናም ይሁን ሽሮ ሜዳ ያው ነው።

አንድ ልጨምር፤ የሌላ ኡፕሳላ ያስተማረ ሰው ታሪክ ነው። ማነ ሲግባን የሚባል ሌላ ስዊድናዊ የኤክስሬይን የሞገድ ርዝመት ይለካ ነበር። የ1924 የፊዚክስ ኖቤል የተሰጠው ለእሱ ነው። የአንግስትሮም ሺህኛ እንዲሆን አስቦ «ኤክስ ዩኒት» የሚባል መለኪያ ፈጠረ። ዘንጉ የካልሳይት ድንጋይ ክሪስታል ነበር። በኋላ ሲጣራ ከሺህ ሁለት ገደማ ስቶ ተገኘ። መነሻው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የክሪስታሉ ልክ የተሰላው ከኤሌክትሮን ቻርጅ ተነስቶ ነበር፤ ያ ቻርጅ ሲለካ ግን የአየር ዝልግልግነት (ቪስኮሲቲ) በትክክል አልተወሰደም ነበር። የአየሩ ስህተት ወደ ኤሌክትሮኑ፣ ከኤሌክትሮኑ ወደ ክሪስታሉ፣ ከክሪስታሉ ወደ መለኪያው ተላለፈ።

አሁን እንለውጥ። ተማሪዎች፣ እስክሪብቶ አውጡ። በጣም ቀላል ነው። ከ1959 ጀምሮ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው ተብሎ በስምምነት ተደንግጓል። ስለዚህ አንድ ኢንች 254 ሚሊዮን አንግስትሮም ነው። ይህችን አንዲት ቁጥር ያዙ፣ ሌላው ማባዛት ብቻ ነው። ኔይል ስንት ነው? 2.25 በ254 ሚሊዮን፣ 571,500,000። የፍላንደርስ ኤል? 27 በ254 ሚሊዮን፣ 6,858,000,000። የእንግሊዙ? 45 በ254 ሚሊዮን። ሰሌዳው ላይ ያለው መጣ! የፈረንሳዩ 13,716,000,000። በሴንቲሜትር የተሰጠ ከሆነ ደግሞ በመቶ ሚሊዮን አባዙት። የስዊድን አልን 59.38 ሴንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ 5,938,000,000 ይሆናል። በቃ።

ስሌቱ ይሄው ነው። አሁን ግን ጥያቄዬን ልድገመው። አንድ የድሮ የለንደን ነጋዴ «20 ኤል ሸጥኩ» ብሎ መዝገብ ላይ ጽፎ ብታገኙ፣ የእያንዳንዱን ኤል አሥራ አንድ አሃዝ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ለምን? አንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮን አንግስትሮም ነው! ነጋዴው ጨርቁን ትንሽ ሳብ ቢያደርገው፣ የእንጨት ዘንጉ ጫፍ ትንሽ ቢበላ፣ አንድ ሚሊሜትር ሄደ። ከቁጥሩ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሰባት ዜሮዎች ሁሉ ጠፉ። ኢንቹ ራሱ ከ1959 በፊት አንድ አልነበረም። የአሜሪካው ከዛሬው በሚሊዮን ሁለት ይረዝም ነበር። ትንሽ ትመስላለች? በአንድ ኤል ላይ ወደ 23,000 አንግስትሮም ነው። ከአረንጓዴ ብርሃን ሞገድ አራት እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ልጄ፣ አንተ እዚያ የተቀመጥከው፣ ስልክህ አልዋሸህም። የነገረህ ግን በ45 ኢንች የተደነገገውን ኤል ነው። የእውነተኛውን ነጋዴ ኤል ከፈለግክ «11.4 ቢሊዮን ገደማ» በል። «ገደማ» የምትለዋን ቃል አትፍራት። እውነቱ ያለው እሷ ጋ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። በጣም የምወደው ይሄ ነው። መጀመሪያ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ፤ ጨርቅን በአንግስትሮም የሚለካ ማን ነው?

ሊድስ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ አለች። የሱፍ ከተማ ናት። ኑሮዋ ለዘመናት ሱፍ ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ ሸጦ ነው። በ1928 ዩኒቨርሲቲዋ ዊልያም አስትበሪ የሚባል ወጣት የፊዚክስ ሊቅ ቀጠረች። ሥራው የጨርቅ ፊዚክስ ነበር። አዎ፣ እንደዚህ የሚባል ትምህርት አለ! አስትበሪ የሱፍ ጸጉር ወስዶ በኤክስሬይ ፎቶ አነሳው። በጸጉሩ ውስጥ በየ5.1 አንግስትሮም የሚደጋገም ነገር አገኘ። ከዚያ ጸጉሩን አርጥቦ ለጠጠው። ፎቶው ተቀየረ፤ ድግግሞሹ ወደ 3.3 አንግስትሮም ሄደ። ሱፍ ሲሳብ የሚለጠጠው፣ ሲለቀቅ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ ከውስጥ ታየ። የተጠቀለለ ሰንሰለት ነው፣ ሲሳብ ይዘረጋል።

አስቡት። በኤል የሚሸጠውና በአንግስትሮም የሚለካው አንድ ጨርቅ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ።

አልበቃም። በዚያው ላቦራቶሪ ፍሎረንስ ቤል የምትባል ወጣት ሴት ትሠራ ነበር። ሴት ተማሪዎቼ፣ ይህን ስም ያዙልኝ። ለሱፍ ክር በተሠራው ዘዴ ዲኤንኤን ፎቶ አነሳች። ዲኤንኤም ሲደርቅ ክር ነዋ! በ1938 ከአስትበሪ ጋር አሳተሙት። በየ3.4 አንግስትሮም ገደማ የሚደረደር ነገር አለ አሉ። የዲኤንኤ ቅርጽ በ1953 ሲታወቅ ያ ርቀት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ስለ ሕይወት መሠረት ካወቅናቸው የመጀመሪያ ቁጥሮች አንዱ የወጣው ከጨርቅ ቤት ነው።

የእኛስ? የእኛ ሱፍ ሳይሆን ጥጥ ነው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ የስኳር ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የሠሩት ሰንሰለት። የሰንሰለቱ ድግግሞሽ 10.3 አንግስትሮም ገደማ ነው። አንዲት የጥጥ ጭረት ራሷ ከ100,000 እስከ 200,000 አንግስትሮም ትወፍራለች። እናቴ በእንዝርት ታጠነጥነው የነበረው እሱን ነው።

አሁን ወደ ዱላው ልመለስ። አባዬ ከሞተ በኋላ ቤት ስናጸዳ አገኘሁት። በሜትር ለካሁት። 49 ሴንቲሜትር ከ6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ገደማ ያልኩት አንዱ ጫፉ ስለተበላ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ ጨርቅ ላይ እንዳረፈ እግዜር ይወቀው። በአንግስትሮም 4.96 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። የመጨረሻዋን ስድስት እንኳን በሙሉ ልብ አልምልላትም። አንድ የሴሉሎስ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ከዱላው ጫፍ እስከ ጫፍ ቢዘረጋ፣ ድግግሞሹ 480 ሚሊዮን ገደማ ነው። አያቴ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? እኔ እንጃ። አባዬ ግን «ገደማ» ማለቴን ይወድልኝ ነበር።

ጨረስኩ። ዱላውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አጠገቡ ሜትር አለ። ሻይ እስኪመጣ እየመጣችሁ ክንዳችሁን አስተያዩት፣ ሰሌዳው ላይም ጻፉት። ሸማኔ አባቶቼ፣ ቅድሚያ እናንተ። አመሰግናለሁ።